አንድ የጎደለበት ውሻ

ሀደት፣ ቤይሩት
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017

ለጋሼ በላይነህ፣ ለብቻዎ የሚነበብ

እንደምን ከረሙ ጋሼ? ባለቤትዎ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? ውርጌሳ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ስለ እናንተ የምሰማው ከዚያ ከሚመጡ ልጆች አፍ ብቻ ነው። ይህንንም ወደ ደሴ በምትገባ ልጅ እጅ ነው የምልከው። እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ብዕሩ እንቢ አለኝ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። ይኼኛው የእርስዎ ነው፤ አንብበው ይቅደዱት። ሌላኛውን ለእትዬ ዓለምነሽ ያንብቡላቸው። አደራዎን፣ ሁለቱን እንዳያሳስቱ።

መልእክትዎ ደርሶኛል። የእህትዎን የዓይን ሞራ ለመግፈፍ ቀጠሮ እንደተያዘ፣ ሐኪሙ ጭስና እንባ በጥብቅ እንደከለከለ፣ ስለዚህ ዓይናቸው እስኪድን ድረስ የልጃቸውን የህሊናን ሞት እንዳይሰሙ ቤተ ዘመዱ እንደመከረ ጽፈውልኛል። ገብቶኛል። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፤ መርዶ በወረቀት እንደማይነገር፣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር አንኳኩቶ እንደሚያረዳ አላጣሁትም። ነገር ግን በጥቅምት በእጄ አፈር ያለበስኳትን ልጅ በታኅሣሥ «ደህና ናት» ብዬ እንድጽፍ ነው የጠየቁኝ። እንቢ አልልም። ከባድ መሆኑን ብቻ ይወቁልኝ።

«እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ» ላሉት ብዙ የምነግርዎ የለኝም። ሀደት በቦምብ ሲመታ ወጥተን ራውሼ፣ ባሕሩ ዳር፣ አስፋልት ላይ ነበር የምናድረው። መጠለያ ተገኝቶልን ነበር። ውሻ ይዛችሁ አትገቡም ሲሉን ህሊና «እንግዲያው እኔም አልገባም» ብላ ከውሻዋ ጋር ውጭ ቀረች፤ እኔም እሷን ትቼ አልገባሁም። በማግስቱ፣ ቤት ተቆልፎባት የቀረች አንዲት በሽተኛ ውሻ ነበረችንና «ደርሼ ላምጣት» ብላ ወደ ሀደት ተመለሰች። የራሷን ውሻ ከባሕሩ ዳር የብረት አጥር ጋር አስራ «አደራ» አለችኝ። ቦምቡ እዚያው እንዳገኛት ሰምተዋል።

የማማክርዎ ስለዚሁ ውሻ ነው። ረቢዓ የምትባል የዚህ አገር ሴት አለች። ሰው ጥሏቸው የሄደ ውሾችን ታነሣለች፤ የሚወስዳቸው ቤት እስኪገኝ ድረስ ደግሞ እንደ እኔና እንደ ህሊና ያለ ሰው ዘንድ ታሳድራቸዋለች። ብዙ አሳድረን ሸኝተናል። ህሊና «ይኼ አይሰጥም» ያለችው ይኼን አንዱን ብቻ ነው። አሁን ረቢዓ ለእሱም ቤት መፈለግ ጀምራለች። እኔ ደግሞ የሟች ንብረት ያለ ወላጅ ቃል አሳልፌ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። እናቷ ይሰጥ ካሉ ይሰጣል፤ ይቆይ ካሉ እስኪያረጅ እይዘዋለሁ። ታዲያ ልጅዎ አለች እያልኩ የልጅዎን ውሻ ምን ላድርገው ብዬ እንዴት ልጠይቅ? እስቲ ይምከሩኝ።

ሲቲና


በዚያው ቀን፣ ከሀደት

ለእትዬ ዓለምነሽ

እትዬ፣ ዓይንዎን እንዴት ይዞዎታል? አላህ ይማርልኝ። እኔ ሲቲና ነኝ፣ ህሊና በደብዳቤዋ «ባለ ሱቋ» እያለች የምታማኝ። ቀድሞ እንደ ሌላው ሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁን ሀደት ውስጥ የሐበሻ ሱቅ አለኝ። በርበሬም እሸጣለሁ፣ ጸጉርም እሠራለሁ፤ ሁለቱን በአንድ እጅ እንዳላደርግ ብቻ እጠነቀቃለሁ።

ህሊና ለምን በራሷ እጅ አልጻፈችም ብለዋል። አዲሷ ማዳም አሮጊትና በሽተኛ ናት፤ ተራራ ላይ ወዳለው ቤቷ ይዛት ወጣች። እዚያ ስልክም የለም፣ ሰውም እንደ ልብ አይመላለስም። አንቺ ጻፊልኝ ብላኛለች። ሰላም ብላዎታለች።

«ውሻውስ?» ላሉት፣ ውሻው እኔ ጋ ነው። ማዳሟ ውሻ አትወድም። ስለ እሱ የምጽፈው አላጣም።

ሰብስቤ ብላ ስም ማውጣቷን ነግራዎት ይሆን? «ሰብስቤ የሚባል አጎት አለን፣ እንዳይቀየም» ትል ነበርና ደብቃዎት ይሆናል። ዘሩ የበግ እረኛ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የወደቀ። ቨርደን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የተገዛ ፍጡር ነው፤ በዕድሜው በግ አይቶ አያውቅም። በግ ቢያጣ ሰው መንዳት ጀመረ። የቀድሞዋን ማዳም ልጆች ሳሎን ጥግ ሰብስቦ አላስወጣ ሲላቸው በረንዳ ላይ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ የህሊና ሆነ፤ የሚያወጣውም፣ የሚያበላውም፣ የሚያናግረውም እሷ ብቻ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቡ በአውሮፕላን ሄደ፣ እሷ ውሻዋን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች።

ሱቄ ውስጥ ቢያዩት ይስቃሉ። ሴቶቹ ሲገቡ አንዷ ወደ በርበሬው፣ አንዷ ወደ መስታወቱ ስትሄድ ሰውዬው ይጨነቃል። ባታቸውን በአፍንጫው እየገፋ ሁሉንም አንድ ጥግ ካላደረገ አይቀመጥም። «ኸላስ፣ በቃ፣ ቆመናል፣ ተወን» ይሉታል። ሲሰበሰቡ እግሬ ሥር ይተኛል። ማታ ሱቁን ስዘጋ ግን አይተኛም። በሩ ሥር ይጋደምና ፊቱን ወደ መንገዱ ያደርጋል፤ ምግቡን ሳስቀምጥለት ዞር ብሎም አያይ። «ያላ፣ ና እንግዲህ፣ ሁላችንም ገብተናል» እለዋለሁ። አይሰማኝም፤ እንደ ባለቤቱ ግትር ነው።

ዓይንዎ ሲድን የሚያነቡት ሌላ እጽፋለሁ።

ሲቲና


ውርጌሳ፣ ጥር 23 ቀን 2017

ለእህቴ ለሲቲና

የእግዚአብሔር ሰላም በያለሽበት ይሁን። ወረቀቶቹ ደርሰውኛል፤ የእኔን ቀድጄዋለሁ። የእህቴ አንደኛው ዓይን ሞራው ተገፏል፣ በሻሽ ታስሯል። ሁለተኛው ለመጋቢት መጨረሻ ተቀጥሯል። እስከዚያ ምንም አይነገርም። ለእኛም ቀላል እንዳይመስልሽ። በየቀኑ ፊቷ እቀመጣለሁ። ጥቁር አልለበስንም። ሚስቴ ጸጉሯን እየተሠራች ነው፤ ማልቀስ ስትፈልግ ጎረቤት ቤት ትሄዳለች።

ስለ ውሻው፣ አትቀየሚኝና ሲቲና፣ ውሻ እኮ ነው። ለሚፈልገው ስጪው። የሟች ንብረት ያልሽው ፈገግ አሰኝቶኛል፤ እኛ አገር የሚወረሰው በሬና መሬት ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግማ አስነበበችኝ። ስለ ህሊና የጻፍሽውን አንዴ ሰምታ ዝም አለች። የውሻውን ግን «እስቲ ድገምልኝ፣ በሩ ሥር የሚተኛውን ድገምልኝ» እያለች አደከመችኝ። በእንስሳው ነገር መጽናናቷ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለውን አብዢ፣ ልጅቱን የሚመለከተውን አሳጥሪ።

ለህሊና ብላ በሶ አስፈጭታለች። ይህን ደብዳቤ ከምታመጣልሽ ልጅ ተቀበዪው። ምን ብዬ ልከልክላት?

በላይነህ


ሀደት፣ የካቲት 30 ቀን 2017

ለእትዬ ዓለምነሽ

እትዬ፣ በአንድ ዓይንም ቢሆን እንኳን ለብርሃን አበቃዎት። መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አጥቼ ነው። በሶው ደርሷል። ላዩ ላይ «ለልጄ ለህሊና» የሚለውን አንብቤ መደርደሪያው ላይ፣ ከፍ ያለው ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

ከሳች ወይ ብለዋል። እንደነበረች ናት። ፎቶ ላኪ ላሉኝም መንገዱ ሲመቸኝ አያለሁ።

ውሻው በላ ወይ ብለዋል። በእጄ ካጎረስኩት ይበላል። በእርግጥ ጠጉሩ ትንሽ ረግፏል። ረቢዓ ሐኪም አሳይታዋለች፤ በሽታ የለበትም ተባለ።

ስለ አዳራሹ ልንገርዎ። ህሊና ጴንጤ መሆኗን ሰምተው ተኳርፋችሁ እንደታረቃችሁ ነግራኛለች። ጓደኞቿ ውሻውን አምጪልን ቢሉኝ እሑድ ይዤው ሄድኩ፤ እኔ እስላሟ፣ ገመድ ይዤ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ። አዳራሽ ይበሉት እንጂ ከጋራዥ በላይ የተከራዩት ክፍል ነው። ሳምንቱን ሰው ቤት ሲያጥቡ የከረሙ ልጆች እጃቸውን አንሥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መዘመር ሲጀምሩና ወዲያና ወዲህ ሲሉ ሰብስቤ ገመዱን ከእጄ ነጥቆ ተነሣ። ዝቅ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ዙሪያቸውን እየሮጠ አንዷን ከግራ፣ አንዷን ከቀኝ ገፋ ገፋ አደረገ። መዝሙሩ አልቆ ዓይናቸውን ሲገልጡ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍገው መካከል ቆመዋል። መሪያቸው ይዲድያ «እኔ በስንት ስብከት ያቃተኝን አንድነት እሱ በአንድ መዝሙር ፈጸመው» አለ። ሁሉም ሳቁ።

ከዚያ ግን አልተቀመጠም። አንዴ ዞራቸውና ወደ በሩ ሄዶ ደረጃውን እያየ ቆመ። ተመልሶ ዞራቸው፣ እንደገና ወደ በሩ። ሳቁ ቆመና ልጆቹ አንድ በአንድ ማልቀስ ጀመሩ። ምን እንደሆኑ እንጃ፤ እነሱ ሲጸልዩ ማልቀስ ይወዳሉ።

አንዳንዴ በሰርቪስ፣ በጋራ ታክሲ፣ ራውሼ ወስጄ አናፍሰዋለሁ። ባሕሩ ዳር የሆነ የብረት አጥር አለ፤ እዚያ ስንደርስ ይቀመጥና አልነሣም ይላል። የሰው አሮጊት በጋሪ እየገፋች የምታልፍ አንዲት የአገራችን ልጅ «ዛሬም አስቀመጠሽ?» ትለኛለች። እኔም ባሕሩን እያየሁ አብሬው እቀመጣለሁ። ነፋሱ ጥሩ ነው።

ሲቲና


ሀደት፣ መጋቢት 25 ቀን 2017

ለጋሼ በላይነህ፣ ለብቻዎ

ጋሼ፣ ሳይቆጡ ያድምጡኝ። ደክሞኛል። «እንደነበረች ናት» ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሱቅ ውስጥ ሰው «ለእናቷ ነገራችሁ?» ሲለኝ እቃ የማነሣ መስዬ ጎንበስ እላለሁ።

ረቢዓ ለሰብስቤ ቤት አገኘች። ከሊል የሚባል ባለ በጎች ነው፣ ተራራ ላይ። ሱቅ መጥቶ አየው። ሰውየው ራሱ ጋራ የሚያህል ስለሆነ ሴቶቹ ወዲያው አባጀበል ብለው ስም አወጡለት። የነበረው ውሻ አርጅቶ ሞቶበታል። በሰኔ መጨረሻ በጎቹን ወደ ላይኛው ግጦሽ ያወጣል፤ እስከዚያ ካልሰጠሁት ሌላ ይፈልጋል። እኔ ሳመነታ ረቢዓ «ሲቲና፣ ሐቢብቲ፣ የኔ ውድ፣ አንቺ አሳዳሪ ነሽ እንጂ ባለቤት አይደለሽም። ይኼ ውሻ ሥራ ይፈልጋል፤ ያኒ፣ እዚህ በር ላይ እንደተኛ ይሞታል» አለችኝ። ባለቤቱ ሌላ አገር ያሉ እናቷ ናቸው አልኳት። «እንግዲያው ጠይቂያቸው» አለች። ለእሷ ነገሩ ይኼን ያህል ቀላል ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔም እንዲሄድብኝ አልፈልግም። ማታ በሩ ሥር ሲተኛ አጠገቡ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ህሊናን አብሮኝ የሚጠብቅ ሌላ ሰው የለኝም። ግን ጎድኑ እየታየ ነው። እባክዎ ጋሼ፣ ቀኑን ያሳጥሩልኝ። እትዬ ይስሙና በራሳቸው አንደበት ይዘዙኝ።

ሁለተኛው በሶ ደርሷል። በዚህኛው ላይ ስም የለበትም፤ የጻፈላቸው ሰው ረስቶት ይሆናል። ከፊተኛው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

ሲቲና


ውርጌሳ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017

ለሲቲና

እንዴት ከርመሻል? ሁለተኛው ዓይኗም ተገፏል፣ ሻሹ ተፈቷል። ሐኪሙ ግን እስከ ሰኔ መጀመሪያ ታገሡ፣ ቁስሉ ይጥና ብሏል። ካሁን በኋላ ሁለት ወረቀት በአንድ ፖስታ እንዳታደርጊ፤ ራሷ ማንበብ ጀምራለች። የህሊናን የድሮ ደብዳቤዎችና ያንቺን አንድ ላይ አስራ ቀኑን ሙሉ ስታገላብጥ ትውላለች።

የፋሲካ ዕለት በየዓመቱ የህሊና እያለች የምታስቀምጠውን ድርሻ ዘንድሮ አላስቀመጠችም። ሐሳቧን ሌላ ነገር ወስዶት ነው መሰል። ለእኛም ተገላገልን።

በርቺልን። ጥቂት ነው የቀረው።

በላይነህ


ውርጌሳ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017

ለልጄ ለሲቲና

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትሳቂብኝ። የያዘችው ልጅ ለአንቺ ብቻ እንድትሰጥ አስምያታለሁ። በላይነህ መጻፌን አያውቅም።

ሲቲና፣ ልጄ መሞቷን አውቄያለሁ።

አንቺ አፍሽ አልሳተም። ስለ ህሊና የጻፍሽው ሁሉ በልክ ነበር። የነገረኝ ውሻው ነው። ከቨርደን በወጣች ሰሞን «እማዬ፣ ውሻውን ትተሽ ነይ የሚል ሥራ ተገኝቶልኝ እንቢ አልኩ፣ እንዳትቆጪኝ» ብላ ጽፋልኝ ነበር። ይህን ያለች ልጅ ውሻ የማትወድ ማዳም ተከትላ ተራራ ትወጣለች? የዚያን ቀን ጠረጠርኩ። ደግሞ በር ሥር ተኝቶ መንገድ ያያል አልሽኝ። እኔም ልጄ ከሄደች ጀምሮ አልጋዬን ወደ በሩ አዙሬ ነው የምተኛው፤ አተኛኘቱ አልጠፋኝም። ቢሆንም ተስፋ አደርግ ነበር። በላይነህ የአዳራሹን ሲያነብልኝ፣ ውሻው ቆጥሮ ቆጥሮ ወደ በሩ እንደሄደና ልጆቹ እንዳለቀሱ ስሰማ፣ ተስፋዬ አለቀ። የጎደለችው ለሥራ ተራራ የወጣች ጓደኛቸው ብትሆን ልጆቹ ይስቁ ነበር።

ለምን ዝም አልሽ ትይኝ ይሆናል። በላይነህ ፊቴ ተቀምጦ ሲያነብልኝ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ ከጎረቤት ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነው። ለእኔ ዓይን ብለው ሐዘናቸውን በጉያቸው ይዘው ከርመዋል። አውቄያለሁ ብዬ ልፋታቸውን ከንቱ ማድረግ አልሆንልሽ አለኝ። ስለዚህ እነሱ ከእኔ ደበቁ፣ እኔም ከእነሱ ደበቅሁ። እንዴት እንደቻልኩት አትጠይቂኝ። አንድ ቀን በሽንኩርት አሳብቤ ላለቅስ ተቀመጥኩ፤ የበላይነህ ሚስት «ለዓይንሽ ክልክል ነው» ብላ ሽንኩርቱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

ሁለተኛውን በሶ ለአንቺ ነው የላክሁት። የህሊናን ስም መጻፍ አቃተኝ፣ ያንቺንም ብጽፍ በላይነህ ይጠይቀኛል ብዬ ባዶውን ተውኩት። ብዪው። የመጀመሪያውንም ብዪው።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ማወቄን ለበላይነህ እንዳትነግሪብኝ። በሰኔ ዘመድ ሰብስቦ ይምጣ፣ በሬን ያንኳኳ፣ ያርዳኝ። እኔም እንደ አዲስ ሰምቼ አለቅሳለሁ። አስመሳይ እንዳትዪኝ፤ ያጠራቀምኩት አለ።

ውሻውን ደግሞ ስጪው። በላይነህ እንደ ጨዋታ አድርጎ «ሲቲና ያንን ውሻ ለባለ በጎች ልትሰጥ ነው መሰለኝ» ብሎኛል። የእኔን ቃል ስትጠብቂ እንደከረምሽ ያን ጊዜ ገባኝ። ፈቅጃለሁ። ለአንቺ እንደሚከብድሽ አላጣሁትም ልጄ፤ ነገር ግን ሰው ሲቆጥር ሁልጊዜ አንድ እየጎደለው እንዴት ይኑር? ሄዶ በግ ይቁጠር። የጠፋ በግ ቢያንስ ተፈልጎ ይገኛል።

ሳትሰጪው በፊት ግን አርጂው። ውሻ አይደለም ወይ እንዳትዪኝ። እኔ የሚያረዳኝ ወንድም አለኝ፣ እሱ ካንቺ በቀር ማንም የለውም። ጓደኞቿን ሰብስበሽ በማለዳ መቃብሯ ዘንድ ውሰጂውና ንገሪው። በአማርኛ ንገሪው፤ ልጄ ታናግረው የነበረው በአማርኛ ነው።

ልጄን የቀበርሽበት እጅሽ ይባረክ።

ዓለምነሽ


ውርጌሳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017

ለእህቴ ለሲቲና

ትናንት በማለዳ አረዳናት። ገና ስናንኳኳ ከፈተች፤ ለብሳ ነበር። ሁላችንንም አየችንና «ግቡ» አለች። እንዴት እንዳለቀሰች አልጽፍልሽም፣ እኔም ብሆን ሌላ ቀን እንዲህ ያለ ለቅሶ መስማት አልፈልግም። ሐኪሙ ዓይኗን አይቶታል፣ ደህና ነው።

እንባዋ ሲያባራ እጄን ይዛ «ደክሞህ ከረምክ ወንድሜ» አለችኝ። በዚያ ሐዘኗ መካከል ለእኔ ማሰቧ ገረመኝ። ምንም ሳትጠረጥር ለዚህ ቀን ስላደረስናት ፈጣሪ ይመስገን። አንቺ ባትረጂን አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ስለ ውሻሽ ልትጠይቂያት ትችያለሽ።

በላይነህ


ሀደት፣ ሰኔ 26 ቀን 2017

ለእናቴ ለእትዬ ዓለምነሽ

አላህ ያጽናዎት። በጥቅምት ልልዎት የሚገባኝን ዛሬ ስለምልዎት ይቅር ይበሉኝ። ለጋሼ በላይነህ ያሉኝን አልነገርኩም፣ አልነግርምም።

እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ። እሑድ በማለዳ፣ ከየማዳሞቻቸው ፈቃድ ያገኙት ልጆች መጡ፤ ይዲድያም መጣ። መቃብሯ ዘንድ ሰብስቤን አስቀምጬ ፊቱ ተንበረከክሁ። «ሰብስቤ፣ ህሊና ሞታለች። ከእንግዲህ አትመጣም። እዚህ ናት» አልኩት። ስሟን ሲሰማ ጆሮውን አቁሞ ወደ መቃብሩ ግቢ በር ዞረ። ደግሜ ነገርኩት። ልጆቹ ሲያለቅሱ ተነሣና እንደ ልማዱ ዙሪያችንን ዞረ፣ ጠጋ ጠጋ አደረገን፣ እኛንም መቃብሯንም አንድ ላይ ዞረ። ገባው ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ። እርስዎን ግን ካሁን በኋላ አልዋሽም። የዚያን ዕለት ማታም በሩ ሥር ነው የተኛው።

በማግስቱ ረቢዓ በመኪናዋ ወደ ተራራው ወሰደችን። በጎቹ ዳገቱ ላይ ተበታትነው ነበር። ከሊል ገመዱን ሲፈታለት ሰብስቤ ቆሞ ብዙ አያቸው፤ በዕድሜው በግ አይቶ እንደማያውቅ ነግሬዎታለሁ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ዝቅ ብሎ ሄደ። ከሊል «ማን አስተማረው?» አለኝ። ሱቄ ውስጥ ነው የተማረው ልለው አፈርኩ። ሁሉንም አንድ ቦታ አደረጋቸውና ዞራቸው። አሁን ወደ መንገዱ ይዞራል ብዬ ስጠብቅ አልዞረም። ሣሩ ላይ ተጋደመ። ከሊል ያስቀመጠለትን ምግብ ማንም ሳያጎርሰው በላ።

ስሄድ አልጠራሁትም። ቢመጣብኝ መልሼ የምሰጥበት ልብ አልነበረኝም።

ወደ ሀደት ስመለስ ሱቁን ከፍቼ ሁለቱንም በሶ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ከሁለቱም ዘግኜ በጠበጥኩና እሱ ይተኛበት የነበረው ቦታ፣ በሩ ሥር ተቀምጬ ጠጣሁት። አለቀስኩ እትዬ። እስከዚያ ቀን ደህና አድርጌ አላለቀስኩም ነበር። ሴቶቹ ከሥራ ሲመለሱ አንዷ ቆማ «ሲቲና፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። «ማንንም፣ ያላ ግቡ» አልኳቸው። ሁሉም እስኪገቡ ድረስ ግን ከበሩ አልተነሣሁም።

ልጅዎ ሲቲና